ከወንበር እስከ ማኅተም

ድሮ ብቸና ላይ፣ በቆርቆሮው ዘመን፣
መዝገቡ ከጓሮ፣ እኛ ከፊት ሆነን፣
በመካከል ዋንዛ፣ ከዋንዛው ሥር ጭቃ፣
ልየው ከነዱላው፣ የግቢው ጥበቃ፤
ላንዲት ካርታ ብዬ፣ ከወንበር ስነሣ፣
ስሄድ ሃያ እርምጃ፣ ስመለስ ሠላሳ።
አሥሩ የልየው ነው፣ የሰላምታ ቀረጥ፤
የላሚቱን መውለድ ሲያወጋኝ ቆሜ፣ ጭቃውን ስረግጥ።

ወገብ እንዳለኝስ፣ መች አውቄ ነበር?
የሰው አካል ሲሠራ ዝም ብሎ ነው እንጂ፣ የት ስሙን ይናገር!

ከዚያ ሕንፃው መጣ፣ ባለ አራት ፎቅ፣
መስተዋቱ ከሩቅ እንደ ሐይቅ የሚያንጸባርቅ።
መሐንዲሱ ወጣት፣ ደግ ሰው ነው፣ ትሑት፤
"ድካማችሁ በዛ፣ አሳጥራለሁ" ብሎ፣
ለኛው አስቦልን፣ በእርሳስ የሣለልን ዕረፍት።
ጠረጴዛ በጠረጴዛ፣ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣
ማተሚያው ከክርኔ፣ ማኅተሙ ከእጄ ሥር፣
ሻዩም ካለንበት ደራሽ።
መስኮቱ አይከፈትም፣ ለውበት ነው መሰል፤
ጮቄ ደመና ለብሶ፣ በመስተዋቱ ውስጥ፣ ድምፅ የሌለው ምስል።
ልየውም ከበሩ፣ በመስተዋት ሣጥን፣
ከሩቅ እጅ ያነሣል፤
ጥጃዋ አደገች ወይ? ማን ይንገረን?

ሦስት ወር።
ይታክቱ አንገቷን በፎጣ አሠረችው፣
የካሣዬን እግር ጫማው እንቢ አለው፤
የሰው ማሳ ስለካ፣ ሄክታር በሄክታር፣
የራሴ ይዞታ ሆኖ ቀረ፣ ከወንበር እስከ ወንበር ዳር።
ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ሰላምታችን ጠፋ፤
ለመገናኘትም ይፈልጋል ለካ
ትንሽ መራራቂያ፣ ትንሽ መሸሻ።
ሐኪሙ ቅባት አዘዘ፣ ጧትና ማታ፤
ልገዛው ስወጣ ባጃጅ ያዝኩ፤
እግሬን ተውት፣ ከሥራ ተባሯል፣
ያለ ስንብት ደብዳቤ፣ ያለ አንዲት ሰላምታ።

ልጅ ሳለሁ፣ ዲማ ላይ፣ ቅኔ ስቆጥር፣
ወንበሩ የየኔታ ነው፣ ለኛ ሜዳው ነበር።
"ውጣ!" ይሉኛል፣ "ተጎልቶ ለሚጠብቃት አትመጣም ቅኔ፤
እሷም የምትመጣ በእግር።"
ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ስመላለስ ውዬ፣
ያቺን ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እይዛት ነበር ማታ፣
ከተረከዜ ላይ፣ ከእሾህ ጋራ ነቅዬ።

አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ማንም ሳይገባ፣
ማኅተሟን ከመሳቢያ ወሰድኳት እንደ ሌባ፤
ካዳራሹ ማዶ፣ ከደረጃው በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ ጥግ አስቀመጥኳት፣ ከመስኮት ዳር፣ ፀሐይ እንድታይ።

መጀመሪያ ቁጣ፦ "ማን ነው?" አለ አንማው፣ የክፍሉ ኃላፊ፤
ከዚያ ፍለጋ፤ ወንበር ሲንቋቋ፣
ቤቱ ሁሉ ወጪ ወራጅ፣ አላፊ ተላላፊ።
ይታክቱ ካሣዬን ደረጃው ላይ አገኘችው፣
"ልጅህ ተሻላት ወይ?" ስትል ሰማኋት፤
ሦስት ወር ካጠገቧ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ሳትጠይቀው።

ማኅተሟ ተገኘች። ግን አላወረዷትም።
አንማው ወጥቶ አያት፤ ወደ ጮቄ ዞሮ፣ ወገቡን ይዞ ቆየ፤
"ማን ነው?" አላለም ዳግም።

በማግስቱ ስገባ፣ ማተሚያው ከክርኔ የለም።
ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም፤
ድምፁ ይሰማኛል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው።
ተነሣሁ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ጮኸ፤
በርም የሚጮኸው፣ ለካ፣ ሊከፈት ሲል ነው።