የጉልበቱ አፈር

ምትኬ ሄደች።
ፓርኩ ውስጥ ስፌት አገኘች።
መርቀን ሸኘናት፤ ምን ይባላል፣ ዕድሜዋ ነው፣ ይገባታል፤
የሸሚዝ እጀታ መግጠም ልጅ ከማዘል ይቀላል።
እኔ ሰኞ ባንክ እገባለሁ፣ ላሊሶ ሰኞ ትምህርት ቤት፣
ኢዮስያስ ሁለት ዓመት ተኩል፤ ማን ጋ ይዋል? ማን ቤት?

አቶቴ ያለውን አየን፤ የበሩ ቀለም ያበራል፣
ግድግዳው ላይ ዝሆን አለ፣ ዝንጀሮ ኳስ ያንከባልላል።
ውስጥ ግን አሥራ አራት ሕፃን ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ
ቴሌቪዥን ያያል፣ አፉን ከፍቶ፣ እግሩን አጥፎ፣ ቋጥሮ።
«አይጮሁም» አለችን ባለቤቷ በኩራት ፈገግታ፣
«አይወድቁም፣ አይቆሽሹም፤ እንደሰጣችሁን ትወስዳላችሁ ማታ።»

እንደሰጠን!
እኔ የፈራሁት ይህንን።
ጠዋት የሰጠሁትን ልጅ ማታ ያንኑ ብቀበል
ቀኑ የት ገባ? ቀኑን ማን በላው ልበል?

ሐይቁ ዳር ያለው ደግሞ ሣሩ የተቆረጠ በመቀስ፣
ዥዋዥዌው በሰንሰለት ታስሮ የሚጠብቅ ዓርብ እስኪደርስ።
ዋጋውን ስሰማ ሳቅሁ፤ ላሊሶ ግን ዝም አለ፤
የእሱ ደመወዝ ነው፣ ልክ ልኩን፣ ሳንቲም እንኳ ያልጎደለ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ተስፋ ቆርጠን፣ በታቦር ግርጌ ስንሻገር
የቆርቆሮ አጥር አየን፤ ከውስጡ ሁካታ፣ ግርግር።
ደጃፉ ላይ ትናንሽ ጫማ፣ ጭቃ የጠጣ፣ ፀሐይ የሚሞቅ፣
አንዱ ግራ ብቻ፤ ቀኙን ጦጣ ወስዳው እንደሁ አይታወቅ።
ወይዘሮ ሙዳይ ወጣች፣ ባልዲ ይዛ፣ ቀሚሷ ረጥቦ፣
አንድ ሕፃን ታፋዋ ላይ፣ አንዱ ከኋላ ጨርቋን ስቦ።
ስለ ብር አላወራችም።
«ምን ሲሉት ይተኛል?» አለች። «ውሻ ይፈራል?
ሲከፋው ይጮኻል ወይስ ጥግ ይፈልጋል?»
ግማሹን እኔ መለስኩ፤ ግማሹን ሁለታችንም አናውቅም።
ይህን የምታውቀው ምትኬ ነበረች፤ አፈርን፣ ግን አልሸሸግንም።
አንዷ ወደቀች እያወራን፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ አነባች፤
ሙዳይ አጠበች፣ እፍ አለች፤ ልጅቷ ሩጫው ውስጥ ተመልሳ ገባች።

«እናንተስ?» ብላ ዞረች። «እዚህ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል።
ማታስ? ቅዳሜስ? ከእናንተ ጋር ምን ይጫወታል?»
ላሊሶ ሳለ።
እኔ ቀና ብዬ አባ ኮዳ ሲያልፍ አየሁ።
እውነቱማ፦ ማታ ማታ ሦስት ሰው በአንድ ሶፋ፣
ሁለት ስልክ፣ መሃል አንድ ልጅ፣ ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ይህን ሳልናገር አልቀር፣
ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ቆሜ አለቅስ ነበር።
ዞሮ አላየኝም፤ ሮጠ። ይኸው ነበር የፈለግሁት፤
ሲሆን እንደዚህ ያማል ያለኝ የለም። ባንክ ገብቼ
አንዱን እሽግ ብር ቆጥሬ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩት።

አሁን ማታ ባጃጅ አንይዝም፤ ደንበኛችን አኩርፏል።
ከታቦር እስከ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ይባላል፤
ከእሱ ጋር ግን ሰዓት ነው፤ ጉንዳን አለ፣ ጠጠር አለ፣
የቆመ ሳይክል አለ፤ ደወሉ ሳይነካ ያልታለፈ የታለ?
ቅዳሜ ንጋት ተራራው ላይ ላሊሶ ሆዱን ይዞ ያለከልካል፤
«ቆይ፣ ጫማዬን ልሰር» ይላል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም፤ ይታወቃል።
ኢዮስያስ ከላይ ቆሞ «አባዬ፣ ድረስ!» ይለዋል፤
ሐይቁ ከታች ብልጭ ይላል፤
ሦስት ዓመት ያልሮጥሁት እኔ፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል።

ማታ ሳጥበው ጉልበቱ ላይ አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ጭረት፤
«ምንድነው?» ስለው «ወደቅሁ» ይላል፣ እንደ ሽልማት፣ እንደ ሹመት።
ከዚያ በእርጥብ እጁ ቀሚሴን ገልጦ
የእኔን ጉልበት ያያል፣ ጎንበስ ብሎ፣ አፍጥጦ።
ንጹሕ ነው።
«ነገ» ይለኛል።