የፊሽካ ጉልበት

ከሐረማያ ስንመለስ፣ የደንገጎን ቁልቁለት፣
ጭኔ ላይ ነበረች፣ በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልያት።
ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፣
ማደንዘዣው አልለቀቃት፣ ምላሷን እንደ ጨርቅ አንጠልጥላለች።
ጎረቤቴ ወደ መስኮቱ ሸሸ፤ ረዳቱ ግን ጨዋ ነው፣
የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሮብኝ «የልጁ ነው» አለ፤ ከፈልኩ፣ ምን ላርገው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና ያልጠና፤
«አባባ፣ የተበጠሰውን ጅማት ተክተናል» አለኝ በትሕትና፤
«ስምንት ሳምንት ዝላይ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ሩጫ የለም፣
አልጋ ላይ መውጣትም የለም።»
ይህን ለእሷ ማን ይንገራት? እኔ እንደሁ አልደፍርም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለባቡሩ ጉልበቴን ሸጥኩኝ፣
ጋራዡ ውስጥ፣ በግራሶ፣ በመዶሻ አለቅኩኝ፤
ዛሬ በጡረታዬ ላይ የዕቁብ ብር ጨምሬ፣
ጉልበት ገዝቼ ገባሁ ሰፈሬ።
ሰባት ኪሎ የማትሞላ ውሻ ጉልበት!

ዋጋውን ለጠየቀኝ ሁሉ ግማሹን ነው የምነግረው፤
ግማሹም ቢሆን ጉርሜሳን ከወንበሩ አስነሳው።
«ለውሻ?» አለ። «ሰው በሐኪም ቤት ደጅ ተኝቶ? ለውሻ?»
እውነቱን ነው። መልስ ፈለግሁ፣ አጣሁ እስከ መጨረሻ።
«ማታ ስገባ በሩ ላይ የሚጠብቀኝ ማን አለ?» ልል ነበር፤
አፍሬ ስለ ሙቀቱ አወራሁ፣ ስለ ግንቦት፣ ስለ አየር።

ፊሽካ ያልኳት እኔ ነኝ።
ባቡሩ ፊሽካውን ከተወ ከስንት ዘመን በኋላ
ከዛገ ፉርጎ ሥር አገኘኋት፣ ከአንድ ጫማ ጋር ተጣልታ፣
የጣቢያ ሹም ይመስል ቀጭን ድምጿን ነፍታ ነፍታ።

ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ ቤቴ አንድ ክፍልና በረንዳ፤
የማንጎ ሳጥን አፍርሼ ሠራሁላት ማደሪያ።
ስፌቷን እንዳትልስ የሰማያዊ ባልዲ ቂጥ ቆርጬ
አንገቷ ላይ አጠለቅኩ። መቃኑን ሁሉ ስትገጭ ሳቅኩ፣
ከዚያ በሳቄ አፈርኩ።
አልጋዬ ላይ ነበር የምታድር፤ ያንን ማን ያስረሳታል?
ዓይኗ ፍራሹ ላይ ተተክሎ ይነጋል።
በሦስተኛው ሌሊት ፍራሹን ወደ ሲሚንቶው አወረድኩት፤
አልጋው ባዶ ሽቦውን ታቅፎ ቀረ።
ከዚያ ወዲህ ነው ሁለታችንም የተኛነው።

በቀን ሦስቴ፣ አሥር ጊዜ ማጠፍ፣ አሥር ጊዜ መዘርጋት።
እጄ የለመደው ብሎን ነው፣ ይህ ግን የወፍ አጥንት።
ቀስ ብዬ እቆጥራለሁ፣ አን፣ ዱ፣ ትሯ፣
የጋራዡ አለቃ እንዳስተማረኝ፤ ይቀሰራል ግራ ጆሮዋ።
ካትር ላይ ስደርስ ትነክሰኛለች፤
በቀስታ፣ ለማስታወስ ያህል።

ሆዳን ከግንቡ ማዶ በረዶ ትሸጣለች።
ውሻ ከነካት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለባት፤ ስለዚህ አትነካም።
ግን ረፋድ ላይና ማታ፣ ግንቡ ጫፍ፣
አንድ ፌስታል በረዶ ይጠብቀኛል።
«ለእግርህ ነው» ትላለች፤ ድሬ ሽማግሌንም አንተ ነው የምትል።
የማን እግር እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም።
እኔም «እያሻለኝ ነው» እላለሁ።
ውሸታችን ተስማማ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ መብራት የጠፋ ሌሊት፣
ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ደቻቱ በደረቅ አሸዋው ላይ ተኝቷል።
ውኃ ልቀዳ ብነሳ የኔው ጉልበት «ቀጭ» አለ፤
ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ።
ከዚያ ጥፍር በሲሚንቶው ላይ፣
ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ የማውቃቸው ሦስቱ፤
ከዚያ አራተኛው፣
ካውያ መጋሉን ለማወቅ በጣት ጫፍ እንደሚነካ፣
ነካ፣ ብድግ፣ ነካ።
ካትር።
ከሳጥኑ መውጣቷ ክልክል ነው፤ መቆጣት ነበረብኝ።
በጨለማው ውስጥ ቆሜ፣ ጣሳውን እንደያዝኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።

ጠዋት ሆዳን በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ
«እግርህ ዳነ?» አለችኝ።
እብጠቱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤
በረዶውን በውኃ እየበረዝኩ ስጠጣው ነው የሰነበትኩ።
«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት፣
ፌስታሉን በሁለት እጄ ተቀብዬ።