ሁለት ጣሳ ቀለም

ሰሌዳ ጻፊ ነኝ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፤
እጄ ወገን የለው ከቀለሙ በቀር።
ዘንድሮ ለምርጫ ሁለት ፓርቲ ቀርቦ፣
አንዱ በመቅዘፊያ፣ አንዱ በፋኖስ ተውቦ፣
ሁለቱንም ሣልሁ፣ ባንድ ብሩሽ፣ ባንድ ቀን፣
ጠዋት የዚህን ፊት፣ ከሰዓት የዚያን።

ሲነጋ ግን ባየው ከሥሩ ተጽፏል፤
የመቅዘፊያው ሰሌዳ «እምቦጭ» ተሰኝቷል፦
ሥሩ መሬት የማይነካ፣ ነፋስ የሚነዳው፣
ላዩ ወይን ጠጅ አበባ፣ ታቹ ሐይቅ የሚያንቀው።
ፋኖሱም አልዳነ፣ «አምባዛ» ብለውታል፦
አፍና ጢም ብቻ፣ ጭቃ ውስጥ ያድራል፣
ቅርፊት ስለሌለው ቢይዙት ያመልጣል።

ስድብ ባጃጅ ይዞ ከተማውን ዞረ፤
ሽምብጥ የወጣው ቃል ወደብ ላይ አደረ።
ሻይ ቤት የገባ ሰው «ስኳር ስንት?» ሳይባል
«እምቦጭ ነህ አምባዛ?» ተብሎ ይጠየቃል።
ዓሣ ሻጯን እንኳ፣ የሺወርቅን፣ ቸገራት፤
«አምባዛ አለ!» ብላ ብትጣራ ጠዋት
«ማንን ነው የምትሸጪ?» ብለው ሳቁባት፤
አንዱማ በቁጣ ሚዛኗን ደፋባት።

ማዘጋጃው ጠርቶ «አጥፋው!» አለኝ ቶሎ፣
የማጥፊያው ክፍያ ከመጻፊያው አይሎ።
ደስ ብሎኝ ነበረ፣ እውነት ለመናገር፤
ለልጄ ጫማ ገዛሁ ከስድብ ትርፍ ብር።
ፊደሉን ሳየው ግን ሆዴ ትንሽ ፈራ፤
የ«ጭ»ዋ እግር ጥምዝዙ የኔን እጅ አወራ።

አንድ ሌሊት ቀረሁ፣ ከዘንባባው ሥር።
ምንይችል ነበረ፣ የማስተምረው ልጅ፣
በኔው ጣሳ ቀለም፣ በኔው ብሩሽ፣ በኔው እጅ፤
«እምቦጭ» ብሎ ጨርሶ፣ መንገድ ተሻግሮ
«አምባዛ» ብሎ ጻፈ፣ ጭራውን አሳምሮ።
«ማን ከፈለህ?» አልሁት። «ሁለቱም» ሲል ሳቀ፤
የተናገርሁትን ቃል ካፌ ላይ ነጠቀ፦
«‹እጅ ወገን የለው› አላልኸኝም ጋሼ?»
ምን ብዬ ልመልስ። ተቀበልሁ ብሩሼን፣
ጣሳዬን፣
ዝም ብዬ።

ነጋ። ጣና ዳር ወርጄ ብሩሼን አጠብሁ።
አምባዛው ደንገል ሥር ውኃውን ሲመታ፣
እምቦጩ ባበባው ሲንሳፈፍ በርጋታ፣
በስማቸው የመጣውን የሰማ የለም።
አምባዛን እንበላለን፣ እምቦጭ ግን በላን፤
ሰሌዳው ላይ ሲሆን የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋን።

ከወደቡ በኩል የሺወርቅ ትጣራለች፤
ስሙን ፈርታ ዛሬ፣
«ጢም ያለው ዓሣ!» ትላለች።