አርባኛው ቀን

እዚህ ነፋሱ ዛፉን ጎባጣ ያደርጋል፤
በር የከፈተ ሰው ባርኔጣውን ይፈልጋል።
ከማጄላን ሰርጥ ማዶ ከተማ ያበራል፤
ከሰርጡ ወዲህ ግን በግ ብቻ ይቆጠራል።
እኔ ኦኔሲሞ ነኝ፣ የእነዚያ በጎች ዘብ፣
ከሰው ይልቅ ለውሻ የምነግር ሐሳብ።

አምና ኔቫዳን፣ የሴኒሳን እናት፣ የገደልኋት
በክፋት አይደለም፤ ትል በዛባት ብዬ፣ አዝኜላት።
የበግ ጠርሙስ አንስቼ፣ በዓይኔ ገምቼ፣
ጉሮሮዋ ጨመርሁት አፏን ከፍቼ።
በማግሥቱ እግሯ ከእግሯ ተሳስሮ፣
ዓይኗ እያየ ሳያይ፣ አንገቷ ዞሮ፣
ግድግዳ ስትገጭ ዋለች፤ ሌሊቱን አልዘለቀችም።
አምስት ነበሩ ሆዷ ውስጥ፤ እነሱም አልተረፉም።

ዘንድሮ ሴኒሳ ማርገዟን ሳውቅባት
በራዲዮ ተጣርቼ ሐኪሟን ያመጣኋት
ያን ሌሊት ፈርቼ ነው።
                                      ግሪሴልዳ ከመኪና
ገና እግሯን ሳታወርድ «ሚዛን አለህ?» አለችና፣
በሱፍ መመዘኛዬ፣ በከረጢት አንጠልጥለን፣
ሴኒሳ ስትወዛወዝ ትንፋሻችንን ውጠን፣
አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈችው።
«በዓይንህ አትመዝን፤ አምና ዓይንህ ነው የፈጀው።
ከዚህ ዘር ብዙዎቹ ዘበኛ የላቸውም፤
መድኃኒቱ አንጎል ሲገባ ‹ማነህ?› የሚለው የለም።»

ከዚያ፣ የማቴ ቅጠሏን በቀሰም እየሳበች፣
ስለ ትሉ ነገረችኝ፣ ስለ ዘመድ እንደምታወራ ሆነች፦
«ሆድ ውስጥ ብቻ አይኖርም፤ ጡንቻዋ ውስጥ ገብቶ
ዓመት ይተኛል፣ ከመድኃኒት ተደብቆ፣ ተረስቶ።
ሰገራዋን ብትመረምር ዱካውን አታገኝም።
ቡችሎቹ አጥንት ሲያበጁ ግን ተኝቶ አይቀርም።
በአርባኛው ቀን ገደማ ይነቃል፣ መንገድ ይጀምራል፤
ከፊሉ በእትብት፣ ከፊሉ በወተት ይሻገራል።»

የአርባ ቀን ዕድል የሚባለው ይህ ነው ለካ፤
ጽዋው ተቀድቶ የሚቆይ ገና ከንፈር ሳይነካ።

«ታዲያ» አለች፣ «በዚያው ቀን ጀምር፤ አንድም ቀን ሳትዘል
ይህን ነጭ ዱቄት በመረቅ ቀላቅል።
ከወለደችም በኋላ ሁለት ሳምንት ጨምር፤
ልኩ የእኔ ሥራ ነው፤ አንተ ቀኑን ቁጠር።»

«ቁንጫውስ?» አልኋት፤ «የበግ መንከሪያ አለኝ…»
«ያን በርሜል ብትነካ!» ብላ ሳትጨርስልኝ፣
ከኪሷ ጥርሱ የደቀቀ ማበጠሪያ አስጨበጠችኝ።

መኝታዋን እቀቅላለሁ፣ ማታ ማታ አበጥራለሁ፣
የያዝሁትን ቁንጫ የሳሙና ውሃ ውስጥ እጥላለሁ።
ሸላቹ ሩፔርቶ አይቶኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ፦
«ለሚስትህ ያልደረሰ ሚዶ ለውሻ ጸደቀ!»
እውነቱን ነው።
ዝም ብዬ ማበጠሬን ቀጠልሁ።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን፣ ከምድጃው ጀርባ፣
ሰባት ወለደች፣ ጎህ ሲቀድ፣ በረዶው በር ሲገባ።
አንዷ ቀዝቅዛ መጣች። ምክንያቷን ማንም አላወቀም።
ግሪሴልዳ «ሁሉ በማንኪያ አይድንም»
አለች፣ ከዚያም የስድስቱን ስም ጠየቀች። ስም የላቸውም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ በዱቄት ሚዛን ላይ፣
ዓይናቸው ገና ተገልጦ የሚያየውን ሳያይ፣
እያንዳንዱን መዝኜ ጠብታቸውን አጠጣሁ፤
በማግሥቱ ጭዱ ውስጥ ነጭ ክር አገኘሁ፦
ጥቂት፣ ቀጭን፣ የሞተ። ከነጭዱ አቃጠልሁት።
እጄንም እስከ ክርኔ በሳሙና ፈተግሁት፤
በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከእራት በፊት፣ መጀመሪያዬ ነው።
በየሁለት ሳምንቱ፣ ጡት እስኪተዉ፣ ይኸው ነው።

ግድግዳው ላይ የከሰል መስመሮች ሞልተዋል።
ከላይ የሴኒሳ ኪሎ፣ ከሥሩ ቀናቱ ተደርድረዋል።
ትናንት ማታ ነፋሱ ጋብ ሲል ተነሣሁና፣
ከሁሉም በታች፣ ባዶ ቦታ ነበረና፣
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፣ እጄ እየከበደኝ፦
ኔቫዳ። ኪሎዋ ስንት እንደነበር አላውቅም።