ለካ

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ኦሩሮ ከተማ፣
ነፋስ በቆርቆሮው ሲያላዝን ይሰማ፤
ዳኒትሳ ተማሪ፣ የቆላ ልጅ፣ አዲስ፣
ክፍል ሦስት ገባች በእግር ጣቷ፣ ቀስ።
የዶን ሴቬሮን ጣት መለኪያው ነከሰው፤
ሰማንያ አራት አለ። ልቧን ቀዝቀዝ አለው፤
«ኦክስጅን! ኦክስጅን!» ኮሪደሩን ሞላው፣
ያንቀላፋውን ሰው ጩኸቷ አስነሳው።

ሲስተር ኤውሎሂያ መጣች፤ አልሮጠችም፤
ሠላሳ ዓመት ሠርታ መሮጥ አትወድም።
መለኪያውን ነቅላ ከሽማግሌው ጣት
በልጅቷ ሰካች፦ ሰማንያ ስምንት።
«እንግዲህ ምን ይሁን? አንቺንም እናስተኛ?
ቁጥር አገር አለው፣ ልክ እንደ መንገደኛ፤
የት ተወለድክ በይው፤ ከቆላው ነህ ወይ፣
ወይስ እዚህ ያደግህ፣ ከሰማይ አፋፍ ላይ?»

ሽማግሌው ሳቀ። ሳቁ አቧራ አለው፣
አርባ ዓመት ከጉድጓድ ቆርቆሮ ሲያወጣ የዋጠው።

ሦስት ሌሊት አለፈ። ሰሌዳው ደህና ነው፦
ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ ሁሉም በደንቡ ነው።
ትንፋሽ፦ ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ስምንት።
ጧትም፣ ማታም፣ ሌሊት፣ በሦስት ሰው እጅ ጽሕፈት።

«ምን ዓይነት ሳንባ ነው እንዲህ የሚታዘዝ?»
አለች ኤውሎሂያ፣ ከአልጋው ስትመረኮዝ፤
የደም ሥሩን ያዘች። ጣቷ እዚያው ቆየ፤
ዓይኗ ግን ከአንጓው ወደ ብርድ ልብሱ ተለየ።
ልቡን የምትቆጥር እየመሰለችው
ደረቱን ቆጠረች፣ ሳታስታውቀው፤
ትንፋሽ ዓይነ አፋር ነው፤ ያዩት እንደሆን
እንደ እንግዳ ያስተካክላል ልብሱን።

«እጄን እስከ መቼ? ሚስቴ ብታይ ጉድ ነው!»
«ልብህ ሰፊ ሆኖ አላልቅ አለኝ ቆጠራው።»

ሙሉ ስልሳ ሴኮንድ። በግማሽ ቆጥሮ ማባዛት የለም።
ሠላሳ አንድ።
ሐኪሙን ጠራች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

አልጋውን ሲገፉት፣ ከጭንብሉ ሥር፣
ለልጅቷ ነገራት፣ ቃል በቃል ሲቆጥር፦
«እኛም ከጉድጓዱ ፈንጂ ስንለኩስ
ክሩን በትንፋሽ ነው… አርባ እስኪደርስ
መሮጥ ነው። ያልቆጠረ
እዚያው ቀረ።»

ዳኒትሳ ብቻዋን ከሰሌዳው ፊት ቆመች።
ከሦስቱ ዐሥራ ስምንት
የመካከሉን አወቀች፤
ስምንቷ ወገቧ የጠበበ፣ ጭራዋ የተቆለመመ፣
ከሥሯም የራሷ ስም የታተመ።
ለክታ ፈርማለች።
ለካ
አልለካችም።

መፋቅ አይፈቀድም። በአንድ መስመር ሰረዘች፤
ከዚያ ቀጥሎ ካለው አልጋ ሄዳ
የማታውቀውን ሰው አንጓ ያዘች፣
ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ላይ ጥላ።