የደረጃው ጉልላት

ለነገው ፈተና ከአፉላ መጥቼ፣
ከርካሹም ርካሹን ዋጋውን አይቼ፣
ሐይፋ ታች ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣
ገባሁ ካንድ ሆቴል፣ ጠባብ ከጠባብ።
ሁለት መቶ ሰማንያ ሼቄል፣ ቁርስ የሌለው፣
ለፎጣ ለብቻው አሥር የሚያስከፍለው።

እንግዳ ተቀባዩ፣ ወሊድ የሚሉት ልጅ፣
ባንድ እጁ ስልክ ይዞ፣ በሌላኛው እጅ
ቁልፍ ገፋልኝ፦ «ዐሥራ አራት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤
ሊፍቱን አትጠብቂው፣ ሲያሻው ነው የሚመጣው።»

የክፍሉ መስኮት የሚያየው ግድግዳ፣
ግድግዳው የሚያየው የጎረቤት ጓዳ።
ሻወሩ ሥር ገብቼ፣ በአንድ እግሬ ስቆም፣
ውሃው ይፈላል፣ ወይ ይበርዳል፤ መሃል የለውም።
ከስሱ ግድግዳ ማዶ አንድ ሰው ያስላል፣
ቀጥሎ በሩስኛ ይቅርታ ይላል፤
ለእኔ ይሁን ለሌላ፣ እንጃ።
«እግዜር ይማርህ» አልኩት፣ ድምፅ ሳላሰማ።

እኩለ ሌሊት ላይ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ወጣሁ።
የደረጃው መብራት ራሱ በርቶ ራሱ ይጠፋል፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጥሎኝ ጠፋ።
መደገፊያውን ዳሰስኩ፣
አንድ መታጠፊያ፣ ሌላ መታጠፊያ፣
ከመጨረሻው ምሰሶ አናት
ጉልላት መኖር በነበረበት ቦታ
ራቁቱን የቆመ ቡሎን።

እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቀ።

በሰማንያ ሦስት፣ በግንቦት፣
ይህ ቤት ሌላ ስም ነበረው።
ካውሮፕላን ወርደን እዚህ አሰፈሩን፦
ዘጠኝ ነፍስ፣ አራት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣
ዓመት ከአራት ወር።
እናቴ ማረች የመታጠቢያውን ገንዳ
ሽምብራ ዘፍዝፋበት አስተዳዳሪውን አስጮኸችው።
አባቴ ሊፍቱ ሲዘጋ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤
ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ
«እንግዳ ፊት ወርቅ ነው፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ።
ከጨርቅ ቀጥሎ ያለው ምን ይባላል?»
ብሎ ይጠይቀናል። አንዳችንም አናውቅም።

ወንድሜ ስሜነህ ግን ስምንት ዓመቱ ነው፣
ወርቅ አግኝቷል።
ያንን የነሐስ ጉልላት በየማታው
ትንሽ ትንሽ እያላላ፣ እያላላ፣
በወጣንበት ጠዋት ነቅሎ ካልሲው ውስጥ ከተተው።
ሲያነክስ አውቶቡስ ላይ ወጣ፤
ዶክተር ይታይ ሲባል አለቀሰ።
ዛሬ እናቴ የመድኃኒት ማዘዣዋን
ነፋስ እንዳይወስድባት ትጭነዋለች።

ሳይነጋ ደወልኩላት። እሷ እንደሁ አትተኛም።
«የት እንዳደርኩ ገምቺ» አልኳት። ነገርኳት።
«ስንት አስከፈሉሽ?»
«ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ላንድ ሌሊት።»
ዝም አለች። በጣቷ አንጓ ስትቆጥር ይሰማኛል፣
ወሩን በሌሊት፣ ሌሊቱን በሼቄል፣
ከዚያ ስሌቱ አመለጣት መሰለኝ፣
«ኧረ ልጄ» አለች «ለካ ያኔ ባለጸጋ ነበርን!»
እስኪያስላት ሳቀች።
«ሽንት ቤቱ አሁንም ያፈሳል?»
«ሌሊቱን ሙሉ።»
«እንግዲያስ እሱ ነው» አለች፣ እርግጠኛ ሆና።

ወሊድ ሂሳቡን እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣
«ቆይታሽ እንዴት ነበር?» አለኝ።
የትኛው? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
ስለ ቡሎኑ ጠየቅሁት።
«እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር፤
የሰው እጅጌ ይቀድዳል፣ ሰው ይናደዳል፣
ባለቤቱ ነገ ይላል።»

ለፎጣው አሥር ከፈልኩ፣ ሌላ አሥር ደረብኩ።
«ይሄስ ለምንድን ነው?»
«የቆየ ዕዳ ነው።»
ትከሻውን ነቀነቀና መሳቢያው ውስጥ ጣለው።

ወደ በሩ ስሄድ ተመለስኩ።
ነርስ ነኝ፤ ቦርሳዬ ፋሻ አይጠፋበትም።
ቡሎኑን ሦስት ዙር ጠቀለልኩት፣
ጫፉን በፕላስተር አጣበቅሁ፣
አልጠበቀም ወይ ብዬ በጣቴ ነካሁት።
ከላይ ሳሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ይቅርታውን።

ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሮጥኩ።