ላስቲኩ ውስጥ፣ መዳቡ ውጭ

ድሬ ላይ በሐምሌ ሌሊቱም ይሞቃል፤
ከዚራ ዛፍ ሥር እንኳ ነፋሱ ይታነቃል።
እኔ ግን ጣቴ በረዶ፣ ጓንት ውስጥ ደንዝዞ፣
የናይትሮጅኑ ጉም ወለሉን ይዞ፣
ከሰሊጥ የማትበልጥ፣ መስታወት የመሰለች፣
የቢስመዝና የቴሉሪየም ልጅ
ከማግኔቱ መሃል ገብታ ተኝታለች።

ሠላሳ ዓመት የባቡር ሽቦ ፈትቶ የቋጠረ፣
በለገሃር ሰፈር "ሙሜ ሽቦ" ሆኖ የቀረ፣
አባቴ፣ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ፤
"ይቺ ናት" አለ፣ "ከቤት ያስቀረችሽ ጣጣ?"

"ውስጧ ዝግ ነው" አልኩት፣ "ኮረንቲ አያሳልፍ፤
ኤሌክትሮን በቆዳዋ፣ በጠርዟ ነው የሚያልፍ።"
"ላስቲኩ ውስጥ፣ መዳቡ ውጭ?" ሳቀ። "ኧረ ልጄ!
ይሄን ዘርግቼ ቢሆን በዚያ በድሮው ጋራዥ፣
የት ይገኝ ነበር እጄ?"
ከዚያ፦ "ብትሰበርስ?"
"የተሰበረችበት ራሱ ሌላ ቆዳ ይሆናል፤
ውስጥ የነበረው ዝምታ፣ ጠርዝ ሲሆን ይናገራል።

መንገዱም ልዩ ነው፣ አባባ፤
የሚሄደው በቀኝ ቢሾር፣ የሚመጣው በግራ ነው፤
እንቅፋት ቢገጥመው እንኳ ዞሮ አይመለስም፣
ራሱን ሳይገለብጥ አቅጣጫ አይለውጥም።"
"እንደ ደቻቱ ጎርፍ" አለ።
"ሲሄድ እንጂ ሲመለስ ያየው የለም።"
ዝም አለ።

ኤሌክትሮንን በዓይኑ አይቶት የሚያውቅ የለም፤
እኔም ጎረቤቱን ነው የምጠይቀው፣ አስኳሉን፤
በሬዲዮ ሞገድ ቀስ ብዬ ገፋ አድርጌው፣
እጄን ሰብስቤ፣ እስኪረጋ ጠብቄው፣
ስንት እንደፈጀበት አይቼ ከመርጋቱ፣
በደጁ ማን እንዳለፈ አውቃለሁ በሌሊቱ።
መልሱ ቀጭን ነው፤ ከጫጫታ በታች ነው፤
አሥር ሺህ ጊዜ ጠይቄ፣ ደምሬ ነው የምሰማው።

አባቴን ግን አንድ ጊዜም ጠይቄው አላውቅም።

"እማዬ…" አልኩና ተውኩት።
እጄን ሰበሰብኩ።
ማሽኑ ይቆጥራል። እሱ ሳምቡሳውን ሳይነካ፣
"አንድ እግር ጫማዋን" አለ፣ "ከአሸዋው ላይ አነሳሁ።
ሳልነግርሽ ኖሬያለሁ ለካ…"

መብራት ሄደ።
የሦስት ቀን ቁጥሬ በአንዴ ከስክሪኑ ጠፋ፤
ማሽኑ ዝም አለ።
እሱ ግን ቀጠለ።